የወይራው ሰደፍ

"ይዘኸው አትገባም አልኩህ እኮ!" አለ ሾፌሩ የአውቶቡሱን በር በግማሽ ዘግቶ።

አዳኙ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ እንዳደረገ ቆመ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሲባጎ ያሰረው ነገር ምን እንደሆነ ከማንም የተሰወረ አልነበረም። ጠመንጃ ብርድ ልብስ ስላለበሱት ሕፃን አይሆንም።

"ባዶ ነው" አለ። "ጥይቱ ለብቻው ነው ያለው። ፈቃድ ላሳድስ ነው የምሄደው፤ ወረቀቱ ይኸው።"

"ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል? ተሳፋሪ ይፈራብኛል።"

ይሄን ጊዜ የአዳኙ ታላቅ ወንድም ሚስት ከኋላው በክርኗ ገፋ አድርጋው ቀደመች። ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለች፤ ምላሷ ግን ገና ሃያ ዓመቱ ነው።

"ስማ አንተ" አለችው ሾፌሩን። "ይሄ ሰው ባለፈው ሐሙስ እኔን ከሞት ያወጣኝ ሰው ነው። ከርከሮ ሊዘነጥለኝ ሲል በዚህ ጠመንጃ ነው ያዳነኝ። አንተ በዚህ ጎማህ እስካሁን ማንን አድነሃል?"

ውስጥ የተቀመጡት ሳቁ። ሾፌሩም ሳይወድ በግዱ ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተ።

"ከኋላ ተቀመጡ። አፈሙዙ ወደ ታች ይሁን።"

የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዳኙ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው፤ ዛሬ ግን ሰማንያ የሞላው መስሎ ተሰማው። ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ጨጓራዬ ነው" ይላታል፤ እሷም አምና ድንች ትቀቅልለታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ጨው አልባ ድንች በልቷል።

"እኔ ባልመጣ ኖሮ እኮ መንገድ ላይ ቀርተህ ነበር" አለች የወንድሙ ሚስት።

"እትዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ ብዬሽ ነበር። ፈተናው የአሥር ደቂቃ ነገር ነው።"

"ምስክር ያስፈልግሃል። ስልሳ ካለፈህ በኋላ እነዚህ ቢሮዎች ሰበብ ነው የሚፈልጉት አሉ። እኔ የሆነውን ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ አርጅተሃል የሚልህ ካለ እስቲ አያለሁ።"

"ባትነግሪያቸው ይሻላል።"

"አንተ ልጅ፣ ዱሮም ይሄ ጭምትነትህ ነው የጎዳህ።"

ከነሽበቱ "አንተ ልጅ" ይባላል። ወደ ቤታቸው በሙሽርነት ስትገባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ በእሷ ዘንድ ከዚያ ወዲህ አላደገም። እሱም ሲባል ደስ ይለው ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ግን በጠራችው ቁጥር ዓይኑን ከእሷ ያሸሻል።

የሐሙሱ ነገር እሷ እንደምትለው አልነበረም። የገበሬዎቹ ማኅበር በደመወዝ ከቀጠረው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥራው በቆሎ የሚያጠፋውን ከርከሮ መጠበቅ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ በበቆሎው መሃል ቡናማ ነገር ሲነቃነቅ አየ። ማጉረምረም የመሰለ ድምፅም ሰማ። ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ አደረገና ቃታውን ሳበ። ቀጥሎ የሰማው "ኧረ የሰው ያለህ!" የሚል የሴት ጩኸት ነበር።

ከበቆሎው መሃል ተነስታ የቆመችው የወንድሙ ሚስት ናት። የሟች ባሏን ቡናማ ኮት ደርባ፣ አጎንብሳ አረም ስትነቅል ነበር። ያጉረመረመው ሳሏ ነው። ጥይቱ ከትከሻዋ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አንድ የበቆሎ አገዳ ቆርጦ አልፏል።

"የት አለ? ገደልከው?" ነበር ያለችው ዙሪያዋን እየተገላመጠች።

እሱም "አመለጠ" አላት።

አንዲት ቃል ናት። ለማስተካከል ሦስት ቀን ነበረው፤ አላስተካከላትም። እስከዚያው እሷ ወሬውን ለመንደሩ ሁሉ አዳርሳለች። ከርከሮውም በየቤቱ ሲወራ እየወፈረ ሄዶ፣ ትናንትና ጥርሱ ክንድ ያክላል ይባል ነበር። ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ ሲያመሰግነው አዳኙ መሬት መሬት ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ምስጋናው እንደ ስድብ ይሰማዋል።

ግራ ዓይኑ ላይ ደመና ነገር መጣል ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀኝ ዓይኑማ ከጥንትም የለም።

የቀኝ ዓይኑ ታሪክና የጠመንጃው ታሪክ አንድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ አናጢ በነበረው ታላቅ ወንድሙ ቤት ሳንቃ ይዞለት ሳለ፣ ከመሮው ሥር የተፈናጠረች ስንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ሐኪም ቤት ቢወስዱትም ዓይኑ አልተረፈም። ያኔ በሠፈሩ የተመሰከረለት ተኳሽ ነበር። በግራ ትከሻህ ተለማመድ አሉት፤ ሞከረ፤ እጁ የሰው እጅ ሆነበት።

ታላቅ ወንድሙ "ይቅርታ" የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እንዲህ ያለ ቃል ከሚያወጡ ሰዎች ወገን አልነበረም። ያደረገው ነገር ቢኖር የአባታቸውን አሮጌ ጠመንጃ አንስቶ ሰደፉን ፈታና ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ከደረቀ የወይራ እንጨት ሌላ ሰደፍ መጥረብ ጀመረ፤ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ጎን ጠመም ያለ ሰደፍ። ቀኝ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ማነጣጠሪያውን ግራ ዓይን ፊት ለፊት ያመጣዋል። ለጉንጩ የሚሆነውን ጎድጓዳ ለማውጣት ደግሞ የታናሽ ወንድሙን ፊት በደቀቀ ከሰል ይቀባና እንጨቱ ላይ ያስተኛዋል። ሲነሳ፣ ጥቁር የነካውን ቦታ ይፍቃል። እንደገና ይቀባዋል፣ እንደገና ያስተኛዋል። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ አደረገ።

"ትራስ ሳጥብ ነው የከረምኩት በዚያ ዓመት" ትላለች የወንድሙ ሚስት እስከ ዛሬ። "ሁለቱም ከሰል ነጋዴ መስለው ነበር።"

ጠመንጃው በዚህ የተነሳ የእሱ ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ሲያነሳው አፈሙዙ ወይ ሰማይ ወይ ጎረቤት ያያል። ሌላ ሰው በዚህ ጠመንጃ ተኩሶ የመታው ነገር ቢኖር የራሱን ጉንጭ ነው። በአዳኙ እጅ ግን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አላሳፈረውም። ወንድሙ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ጉንጩን እንጨቱ ላይ ባሳረፈ ቁጥር አሁንም የዚያ ሰው መዳፍ ፊቱን ደግፎ የያዘው ይመስለዋል፤ ይህንን ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም።

ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። ፈቃዱ ያልታደሰለት ሰው መሣሪያውን በዚያው ዕለት ያስረክባል። የተረከቡት ወደ መጋዘን ይገባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ተቆራርጦ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይቀልጣል። ማንም የማይተኩስበትን ጎባጣ ጠመንጃ ይጠቅማል ብሎ የሚያስቀርለት የለም።

ቢሮው ውስጥ ፈቃድ ሰጪው ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። አርባ ዓመት ግድም የሆነው ለዘብተኛ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የመዝገብ ክምር ከደረቱ ይደርሳል። አዳኙን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ጋሼ! እርስዎ ሲመጡ እኮ ዓመቱ መዞሩን አውቃለሁ። ኑ፣ ቶሎ እንጨርሰው።"

"የዓይን ምርመራ የለም ዘንድሮ?" ሲል ጠየቀው አዳኙ።

"ምን ያደርጋል? ዒላማውን የመታ ያያል፣ የሳተ አያይም። መንግሥት ከዚህ በላይ አይመራመርም።" ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። "እኚህ እናትስ?"

"ምስክር ነኝ" አለች የወንድሙ ሚስት ወንበር ስባ እየተቀመጠች። "ተኩሱ ይለቅና እነግርሃለሁ ልጄ። ረጅም ነው።"

መፈተኛው ከቢሮው ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። የሲሚንቶ ወለል አለ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ አለ። ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የብረት ምሰሶዎች ላይ የእንጨት ሰሌዳ ይሰቀላል። ከሰሌዳው ኋላ ከዳር እስከ ዳር የተከመረ፣ ሣር የበቀለበት አፈር አለ። ከአፈሩ በላይ ደግሞ የጎረቤት ፋብሪካ የውሃ ታንከር ፀሐይ ላይ ያበራል።

አዳኙ ሰሌዳውን አያየውም። ታንከሩን ግን ያያል፤ ደብዛዛም ቢሆን ያበራል። ደረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ፣ ክርኑ የሚያውቀውን ስንጥቅ ሲያገኝ፣ ጉንጩ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ፣ አፈሙዙ ራሱ ከታንከሩ ሥር ወደ ሰሌዳው ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ተኝቷል፤ ሰሌዳው አንድ ቀንም ቦታ ለውጦ አያውቅም። አምና በዚህ መንገድ ሲያልፍ እያታለለ መሆኑ እንኳ አልገባውም ነበር። በበቆሎውም እንደዚያው ነበር፤ ተኩሱን የሰማ ከርከሮ ቢመታም ባይመታም ይሸሻል፣ ገበሬውም አመስግኖ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ገብቶታል።

ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ አንድ ነገር ተመኝቶ ነበር። ብስት ብሎ። ከሳተ ነገሩ በራሱ ያልቃል፣ እሱም ምንም መናገር አይኖርበትም። አምስቱን ጥይት አንድ በአንድ አጎረሰ፣ አንድ በአንድ ተኮሰ። በአራተኛው ላይ ሆን ብሎ ሊስት ፈለገ፤ አርባ ሁለት ዓመት ለመምታት ብቻ የሠራ እጅ እምቢ አለው።

ፈቃድ ሰጪው ሄዶ ሰሌዳውን አይቶ፣ ከሩቅ አምስት ጣቱን እያሳየ ተመለሰ።

"አምስት በአምስት! ሦስቱ እኮ አንድ ቀዳዳ ናቸው ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ አንድ መትቶ ነው የሄደው። ጋሼ፣ እርስዎ አያረጁም እንዴ?"

"እህ! ምን አልኩህ?" አለች የወንድሙ ሚስት ጭኗን በጥፊ እየመታች። "አሁን እኔ ልናገር።"

ተናገረች። ጭጋጉን፣ ሳሏን፣ ጀርባዋ ላይ የተሰማትን የከርከሮ ትንፋሽ ሳይቀር ተናገረች። ፈቃድ ሰጪው መሐረቡን ረስቶ አፉን ከፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ይዞት የወጣውን የአዳኙን መዝገብ ገልጦ እስክሪብቶ አነሳ።

"ይሄማ መስፈር አለበት። ለበላይም እጽፈዋለሁ።"

"ጻፈው" አለች። "ሴቶቹም ሁሉ ልባቸው ሞልቷል። እስከ ዛሬ ጭጋጉ ሳይገፈፍ አንገባም ይሉ የነበሩት፣ እሱ ካለ ምን እንሆናለን ብለው ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ሊገቡ ነው። ሃያ ሴት ነን።"

አዳኙ ቀና አለ። ይሄን አልሰማም ነበር።

"ጎህ ሲቀድ?" አለ።

"ፀሐይ ሳይበረታ እንድንጨርስ ነዋ። አንተ ከዳር ቆመህ ትጠብቀናለህ። እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው።"

በዓይነ ልቡናው ታየው። ሃያ ሴት፣ ሃያ ያጎነበሰ ጀርባ፣ ጭጋግ ውስጥ የሚነቃነቅ። እሱ ደግሞ ከዳር ቆሞ።

"ከርከሮው ምን ያህል ርቀት ላይ ነበር ጋሼ?" ሲል ጠየቀ ፈቃድ ሰጪው፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ።

አዳኙ ጠመንጃውን ጆንያው ላይ አጋደመው። በጣም ደክሞት ነበር። የደከመው ከመተኮሱ አይደለም፣ ከመንገዱም አይደለም፤ ያቺን አንዲት ቃል ሦስት ቀን ተሸክሞ መዞሩ ነው።

"ጽሑፉ ይቆይ" አለ። "አንድ ነገር ልለምንህ። ሰሌዳውን ከዚያ አንሳና ሌላ ቦታ አቁመው።"

"ለምን? አልፈዋል እኮ።"

"አንሳውና አፈሩ ላይ ደስ ባለህ ቦታ አስደግፈው። የት እንዳደረግከው ግን አትንገረኝ።"

ፈቃድ ሰጪው ግራ ተጋብቶ አንዴ እሱን አንዴ ሴትየዋን አየ፤ ከዚያ የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ ይመስላል ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሰሌዳው ሄደ።

"ምን ልታሳየው ነው?" አለች የወንድሙ ሚስት ፈገግ ብላ።

"እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ከርከሮ አልነበረም።"

"እህ?"

"አንቺ ላይ ነው የተኮስኩት። ቡናማውን አይቼ ነው። ከርከሮ መስሎኝ።"

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ጥቂት ቆይቶ ነው የጠፋው። እጇ ሳታዘው ወደ ትከሻዋ ሄደ።

"ኮቱን ነው ያየኸው?"

"ኮቱን።"

"የሱን ኮት።"

"አዎ።"

እጇን ከትከሻዋ ሳታነሳ አንድ እርምጃ ከእሱ ራቀች።  ያቺ እርምጃ ከተኩሱ ይልቅ አስፈራችው።

"ሦስት ቀን!" አለች። "ሦስት ቀን ሙሉ ስመርቅህ አሜን ስትለኝ ነበር! ለሃያ ሴት አውርቼ! ቀና ብዬ ቢሆን ኖሮስ? እ? ቀና ብዬ ቢሆን ኖሮስ?"

"አውቃለሁ።"

"ምንም አታውቅም! ልጆቼ ሬሳዬን ከበቆሎ ውስጥ ባወጡ ነበር፤ አንተም ቀብሬ ላይ ከርከሮ ነው ትል ነበር።"

"እሱን አልልም ነበር እትዬ።"

"አላውቅልህም" አለችና ፊቷን አዞረች።

እውነትም እሱ ራሱ አያውቅም። አመለጠ ያለ አፍ ሌላም ሊል ይችላል። ይህ አሳብ ከሁሉ ይልቅ አንገቱን አስደፋው።

ፈቃድ ሰጪው እያለከለከ ተመለሰ።

"ቆሟል። ይተኩሱ።"

አዳኙ አንድ ጥይት አጎረሰና ተኛ። ክርኑ ስንጥቁን አገኘ፤ ጉንጩ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ። እንጨቱ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሞቆ ነበር። አየ። አረንጓዴ ነው። ወደ ቀኝ አለ፣ አረንጓዴ። ወደ ግራ አለ፣ አረንጓዴ፤ ከላይ ያ ታንከር ያበራል። የሰሌዳው ነጭ የት እንዳለ ምልክት እንኳ የለም።

"በግራ በኩል ነው ጋሼ፣ ከቁጥቋጦዋ ጎን..."

"አትንገረኝ አልኩህ።"

ጥይቱን መልሶ አወጣ። በጉልበቱ ተነስቶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ጥይቱን በፈቃድ ሰጪው መዳፍ ውስጥ አስቀመጠለት።

"አይታየኝም። ዓይኑ አያይም ብለህ ጻፍ።"

ፈቃድ ሰጪው ተጨነቀ። ለዘብተኛ ሰው ነው፤ ለዘብተኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያመዋል።

"ጋሼ፣ እኔ ይሄን ሁለተኛውን አላየሁም ልበል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሕጉ የሚጠይቀውን አድርገዋል። አምስት በአምስት ነው። ማን ይጠይቀናል?"

"ሕጉ በቆሎ ውስጥ ገብቶ አረም አይነቅልም። ጻፍ።"

ወደ ቢሮው ተመለሱ። ፈቃድ ሰጪው ሌላ ቅጽ አወጣ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ይመስል ቀስ እያለ ጻፈ። የወንድሙ ሚስት በሩ አጠገብ ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። ትታው ግን አልሄደችም።

"መሣሪያው እዚህ እንደሚቀር ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

ፈቃድ ሰጪው ጠመንጃውን አዙሮ አፈሙዙ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ፈለገና ወደ ቅጹ ገለበጠ።

"ቁጥሩ ያለው ብረቱ ላይ ብቻ ነው?" አለ አዳኙ።

"ብረቱ ላይ ነው።"

"እንጨቱስ?"

"እንጨት ቁጥር የለውም።"

"እንግዲያው ካቻቪቴ ስጠኝ።"

ፈቃድ ሰጪው ቅጹን አንዴ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሰደፍ የሚል ቃል የትም አልነበረም። መሳቢያውን ስቦ፣ ከክሊፕና ከማኅተም ቀለም ሥር አንድ እጀታው የተሰነጠቀ ካቻቪቴ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አፍንጫውን ለመናፈጥ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አዳኙ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። በአንድ እጁ ሊይዘው፣ በአንዱ ሊፈታው ሞከረ፤ ተንሸራተተበት። የወንድሙ ሚስት ከበሩ መጣች። አሁንም ፊቷ ተቆጥቶ ነበር፣ ዓይኑንም አላየችውም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የብረቱን ጫፍ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችለት።

"ቶሎ በል" አለችው። "አውቶቡሱ ያመልጠናል።"

እሱም ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ብሎን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ፈለገው።